ሐሙስ በእንግሊዝኛ፣ ቅዳሜ በአማርኛ

ሊፍት የሚባለውን ነገር የፈለሰፈው ሰው መቼም ወሬ ወዳድ ሳይሆን አይቀርም። ካልሆነማ አራት የማይተዋወቁ ሰዎችን ቁም ሳጥን በምታህል ነገር ውስጥ ከቶ፣ በሩን ዘግቶ የሚያፋጥጣቸው ለምንድነው? እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖርበት ሕንፃ ሊፍት ደግሞ ያረጀ ነው። ሲወጣ ያቃስታል፤ በየፎቁ ቆሞ የሚያስብ ይመስላል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት እዚያ ውስጥ የማየው ጫማዬን ነበር። አሜሪካኖቹ የሚበራውን ቁጥር ያያሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ነገር ይኮረኩራቸዋል መሰለኝ፣ ዞር ይሉና ስለ አየሩ ይናገራሉ። ለእኔ! ምን ልበል? ፈገግ እላለሁ። ፈገግ ስል ይቀጥላሉ። ሲቀጥሉ ፈገግታው ፊቴ ላይ ይደርቃል። ሦስተኛ ፎቅ ደርሼ በሩ ሲከፈትልኝ ከእስር የተፈታሁ ያህል ነበር ደስ የሚለኝ።

ይሄን ነገር ስሞል ቶክ ይሉታል። ትንሽ ወሬ እንደማለት ነው። ትንሽ ይባል እንጂ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከትልቁ ወሬ ይብሳል። ለትልቁ ወሬማ አስተርጓሚ አለ። ልጄን ሐያትን ስወልድ አስተርጓሚው በስልክ ነበር። የት ተቀምጦ እንደሚያወራ የማላውቀው አበሻ ሰውዬ፣ ስልኩ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ፣ «እመቤት፣ አሁን ይግፉ ይላሉ» ይለኛል። እኔ እጮሃለሁ፤ እሱ ይደነግጣል። «በርቱ ይላሉ» ይላል፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። ከእኔ ይልቅ እሱ ያማጠ ነው የሚመስለኝ። ስገላገል «እንኳን ማርያም ማረችዎት!» አለኝ። ከዚያ፣ ዘሃራ የሚለው ስሜ ትዝ ሲለው መሰለኝ፣ «ይቅርታ፣ እንኳን አላህ በሰላም ገላገለዎት» ብሎ አስተካከለው። አላህ ይስጠው። ስለ ዝናብ ግን አስተርጓሚ የሚመድብ መሥሪያ ቤት እስካሁን አላየሁም።

እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ። አባቴ ሲሞት እናቴ ሱቁን ብቻዋን አልቻለችውም፤ እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ቆምኩ፣ እዚያው ቀረሁ። ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው ብዙ አያወራም። ያያል። ገና ከበር ሲገቡ ማን ለስኳር እንደመጣ፣ ማን ለወሬ እንደመጣ ይለያል። በኋላ ሰኢድ አገር ቤት መጥቶ አገባኝና ወደዚህ አመጣኝ። ሰኢድ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳል። ለእሱ ወሬ ሥራው ነው፤ የተሳፋሪውን ፊት አይቶ ስለ ኳስ ይሁን ስለ ትራፊክ ያውቅበታል። ከእሱ ጋር ስወጣ እኔን የጠየቀኝን ሁሉ እሱ ይመልስልኛል። አንዴ ጥርስ ሐኪሟ «ያምሻል?» ስትለኝ ሰኢድ ቀደም ብሎ «ኖ» አለልኝ። ጥርሱ የእኔ ነበር።

አክስቱ እትዬ ፋጡማ ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። እዚህ አገር የኖሩ፣ የበሉ፣ የጠጡ ሴት ናቸው። ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ኤርፖርት ላይ ተቀበሉሽ እንዴ?» ይሉኛል። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። በራስ ላይ ለመሳቅ እንኳ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

ቋንቋውን እንድማር የገፋችኝ እናቴ ናት። በየእሑዱ እደውልላታለሁ። አንድ እሑድ «ጎረቤቶችሽ እነማን ናቸው?» አለችኝ። አላውቃቸውም አልኳት። ዝም አለች። ካርዱ ያለቀ መስሎኝ «ሄሎ፣ ሄሎ» ስል «አለሁ፤ እያሰብኩ ነው» አለችኝ። ከዚያ ያሰበችውን ነገረችኝ። «ጎረቤትሽን ሳታውቂ እንዴት እንቅልፍ ይወስድሻል? አንድ ነገር ብትሆኚ ቀድሞ የሚሰማሽ ማነው? እኔ ከዚህ ልሰማሽ?»

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከሰላምታው ቀጥሎ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ሆነ። በዚህ ሳምንትስ ማንን አናገርሽ? ምን ልበላት? መዋሸት አልፈለግሁም። «ማንንም» ማለትም ከበደኝ። ስለዚህ ሐያትን በጋሪዋ እየገፋሁ ማክሰኞ ማክሰኞ ላይብረሪ ውስጥ የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ጀመርኩ።

አስተማሪያችን ቀጠን ያለች ጡረተኛ ናት። ከጎረቤት ጋር የሚወራውን ነገረችን። ስለ አየር፣ ስለ ትራፊክ መጨናነቅ፣ ስለ ዊኬንድ ማለትም ስለ ቅዳሜና እሑድ፣ ስለ ውሻ። የማይወራውንም ነገረችን። ስለ በሽታ አታንሱ፣ ስለ ሃይማኖት አታንሱ፣ ዕድሜ አትጠይቁ፣ ለምን አልወለድሽም አትበሉ። ከአጠገቤ የምትቀመጠው የኤልሳልቫዶር ሴትና እኔ ተያየን። ታዲያ ምን ተረፈ? እኛ ስንገናኝ የምናወራው እነዚያን አይደል? መምህሯ ግራ መጋባታችን ገባት። «ይሄ ወሬ የትም እንዲደርስ አይደለም የሚወራው» አለችን። «ሁለት ሰዎች አንድ ላይ መቆም እንዲችሉ ነው።»

መጀመሪያ የሞከርኩት ሚስ ዶሪስ ላይ ነው። ከእኛ በላይ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴትዮ ናቸው። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ዝናብ አበስብሷቸው ሊፍት ውስጥ ገቡና «እንዴት ያለ ክፉ ዝናብ ነው!» አሉኝ። በክፍል የተማርነው መልስ «አዎ፣ አስቀያሚ ነው» የሚል ነው። አጥንቼዋለሁ። ከአፌ ግን አልወጣ አለ። ዝናብን? እኛ ጋ ዝናብ ሲቀር ሰው ከነልጁ ለዱዓ ሜዳ ይወጣል። የተሰጣ በርበሬዋ የራሰባት ሴት እንኳ «አልሐምዱሊላህ» እያለች ነው የምታነሳው። እኔ ሊፍት ውስጥ ቆሜ ዝናብ ልስደብ? «ዝናብ ጥሩ ነው፤ ለሣሩ ምግብ ነው» አልኩ። ሚስ ዶሪስ ከፀጉራቸው ውኃ እየተንጠባጠበ አዩኝ። «ሣሩስ ይሁን፤ እኔስ?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሲያዩኝ «ዛሬስ ሣሩ ቁርሱን በላ?» ይሉኛል። እኔም «በላ» ወይም «ገና ነው» እላለሁ። ይኸው ነው። በቃ አወራን ማለት ነው።

ከተማርነው ወሬ ውስጥ የውሻው አስቸግሮኝ ነበር። ሰላት የምሰግድበትን ልብስ እንዳይነካብኝ እሸሻለሁ፣ ባለቤቶቹ ደግሞ ፈራች ብለው «አይናከስም» እያሉ ያቀርቡልኛል። በኋላ ከሩቅ ሆኜ ስሙን መጠየቅ ጀመርኩ። ሰዎቹ ደስታቸው! አንዱ ሰውዬ የውሻውን የልደት ቀን ሁሉ ነገረኝ። እንዲህ እያልኩ የሕንፃውን ውሾች ስም በሙሉ አወቅሁ። እሑድ ለእናቴ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። «የውሻውን ስም አውቀሽ የሰውየውን አታውቂም?» አለችኝ። አይጠየቅም አልኳት። «ያ አላህ! እንግዲያው ለእነሱ ዱዓ ሳደርግ በውሾቹ ስም ላደርግ ነው?» አለች። ስልኩ ውስጥ ስትስቅ፣ ከሳቁ በኋላ ረጅም ሳል ተከተለ። ያኔ ነው መታመሟን ያወቅሁት።

ኩላሊት ነው አሉ። ደሴ ወሰዷት፣ መለሷት። ወንድሜ አሊ አብሯት ነበር። በየሁለት ቀኑ መደወል ጀመርኩ። ስታገግም ራሷ ታነሳለች፤ «በዚህ ሳምንትስ?» ትለኛለች በደከመ ድምፅ። እኔ ለእሷ የምነግራት ወሬ እንዳላጣ ሊፍት ውስጥ የማላናግረው ሰው ጠፋ። ወላሂ፣ የማላውቃት ሴት ያዘለችውን ልጅ ጫማ ሁሉ አደነቅኩ። ለራሴ ብዬ አይደለም። ለእናቴ የማደርስላት ወሬ እየሰበሰብኩ ነበር። ሄጄ ላያት ደግሞ ወረቀቴ ገና አላለቀም፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። በየቀኑ የምመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ እንድትቆየኝ።

አንድ ሳምንት ላይ አሊ ስልክ ማንሳት ተወ። ሲያነሳም «ተኝታለች» ይለኛል። እንደገና ስደውል «ሐኪም አታናግሯት ብሏል» ይላል። ሰኢድ «ኔትወርክ ነው፣ ሰሞኑን የሁሉም ሰው እንዲሁ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው ያያል ብያችኋለሁ። ሰኢድ ሳላዘው ዕቃ ማጠብ ጀመረ። እትዬ ፋጡማ ደውለው ሲያበቁ አንድም ቀልድ አልቀለዱብኝም፤ «በርቺ ልጄ፣ አብሽሪ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ምን ሆኜ ነው የምበረታው? ሰው እንዲህ በአንድ ጊዜ ደግ ሲሆንብኝ ፈራሁ። ግን መጠየቅ አልቻልኩም። ካልጠየቅሁ ተኝታለች።

ሐሙስ ጠዋት ልብስ ይዤ ወደ ላውንደሪው ወረድኩ። የልብስ ማጠቢያ ማሽኖቹ ምድር ቤት ናቸው። ሚስ ዶሪስ አንሶላቸውን እያጠፉ ነበር። እኔ ደግሞ ማክሰኞ የተማርኳት አንድ አዲስ ዓረፍተ ነገር አለችኝ። በሊፍቱ ስወርድ ለራሴ ስደጋግማት ነው የመጣሁት። ሰላም ከተባባልን በኋላ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ለዊኬንድ ምን ፕላን አለዎት?» አልኳቸው። አንድ ቃል አልተሳሳትኩም።

ሚስ ዶሪስ አንሶላውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ቆሙ። «ኦ ሃኒ» አሉኝ። «ስለ እኔ አትጨነቂ። ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ ነኝ፣ እናንተ እንደፈለጋችሁ አልቅሱ። ባልሽ ነግሮኛል። ማንም ፖሊስ አይጠራም። የእናትሽ ነገር በጣም አሳዝኖኛል። እኔም እናቴን የቀበርኩት በአንቺ ዕድሜ ሆኜ ነው።»

ሁሉንም ሰማሁት። አሜሪካ ከመጣሁ ጀምሮ የተነገረኝን ሳይጎድል፣ ሙሉውን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እናት፣ ቅዳሜ፣ ማልቀስ፣ መቅበር። ሁሉም ቀላል ቃላት ናቸው። ምን ነበረበት አንዱ እንኳ ቢከብደኝ?

ምን ብዬ እንደመለስኩ ታውቃላችሁ? «ታንክ ዩ። ሃቭ ኤ ናይስ ዊኬንድ» አልኩ። ወሬ ስትጨርሱ መልካም ዊኬንድ በሉ ተብለን ነበርና ከአፌ ወጣ። ሚስ ዶሪስም ደንገጥ ብለው «አንቺም» አሉኝ። ልብሱን ማሽኑ ውስጥ ከተትኩ። ሳሙናውን ረሳሁት።

እዚያው ቆሜ ነው ነገሩ አንድ በአንድ የገባኝ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። ለብቻ ላለ ሰው አይነገርም፤ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ማለዳ በር ይንኳኳል። እዚህ አገር ደግሞ ሰው የሚሰበሰበው ከሥራ ሲያርፍ ነውና ሞት ራሱ ቅዳሜን ይጠብቃል። ሌላም ነገር አለ። አንድ ጊዜ ፔትዎርዝ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት መርዶ ሲነገር ጎረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ፖሊስ ጠራ አሉ። ፖሊሱ ገብቶ «ማነው የገደላት?» ሲል አንድ ሽማግሌ «አላህ ነው የወሰዳት» ይሉታል። ፖሊሱ እስክሪብቶውን አውጥቶ «አሁን የት ነው ያለው?» አለ ይባላል። እውነት ይሁን ቀልድ አላውቅም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ያበሻ ባሎች ይጠነቀቃሉ። ሰኢድም ተጠንቅቆ ነው። የበላዩንም የበታቹንም በር አንኳኩቶ፣ ቅዳሜ ማለዳ ለቅሶ አለ፣ እባካችሁ እንዳትደነግጡ ብሏል። ለአበሻው ሁሉ እንዳትነግሯት ብሎ አስጠንቅቋል። ለአሜሪካኖቹ ግን ይሄን ማለት ትዝም አላለው። ለምን ትዝ ይለዋል? ዘሃራ ከማን ጋር ታወራለች?

ወደ ላይ ስወጣ ሰኢድ ሶፋው ላይ ነበር። ፊቴን እንዳያይ ወደ ኩሽና አለፍኩ። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ አሰብኩት። ይሄ ሰው ስንቱን ተሸክሟል? ሰው ጠርቷል፤ መርዶ የሚነግሩት ሽማግሌያችን ሐጂ ይማም ለዚህ ብለው የሥራ ተራቸውን ቀይረው ይሆናል፤ ከሎረል፣ ከበልትስቪል ሰው ሊመጣ ነው። ሁሉም የደከሙት በመልካም ወግ እንድሰማው ነው። እኔ ግን ላውንደሪ ውስጥ ቆሜ ሰማሁት ልበለው? ደግሞ የገዛ ድምፄ እንዳይለውም ፈራሁ። በአማርኛ እስካሁን ማንም አልተናገረውማ።

ዓርብ እለት ቤታችን ውስጥ የነበረውን ድራማ ብታዩ! ሰኢድ የተበደረውን ታጣፊ ወንበር መኪናው ውስጥ ደብቋል፤ ቁልፉን ስፈልግ ቀድሞኝ ዘሎ ይነሳል። እኔ ደግሞ ቤት የሚሞላ ሰው እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ግን ሳላውቅ እንዴት ላዘጋጅ? «ምነው ዛሬ ይሄን ሁሉ ቤት ክሊን የምታደርጊው?» አለኝ በፍርሃት። «አቧራው በዛ» አልኩት። ምንጣፉን ስጠርግ አየኝ፤ ትልቁን ድስት ከላይ ሳወርድ አየኝ። «ድስቱስ?» «እሱም አቧራ ይዟል።» እሱ መርዶውን ይደብቀኛል፤ እኔ መስማቴን እደብቀዋለሁ። ተጋብተን እንደዚያ ቀን ተሳስበን አናውቅም።

ማልቀሻ ግን አጣሁ። ቤት ውስጥ አይቻልም። ከሰዓት በኋላ የታጠበውን ንጹሕ ልብስ እንደገና ቅርጫት ውስጥ ከትቼ ወደ ላውንደሪው ወረድኩ። ማድረቂያው ውስጥ ከተትኩትና አስነሳሁት። ማድረቂያ ማሽን ሲዞር ሐይለኛ ጩኸት አለው። እሱ ሲጮህ እኔም አብሬው አለቀስኩ። መሐል ላይ ሚስ ዶሪስ ገቡ። ልብሱ ደረቅ መሆኑን በመስታወቱ በኩል ያዩት ይመስለኛል። ስለ ሣሩ አላነሱም። አጠገቤ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ እስኪቆም ድረስ ልብሱ ሲዞር አብረን አየን።

ቅዳሜ ከሱብሂ በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሰኢድ ተኝቶ እንደነበረ ሰው «ማነው በዚህ ሰዓት?» አለ። ለብሶ ነበር። ሐጂ ይማም ገቡ፤ እትዬ ፋጡማ ገቡ፤ ከኋላቸው ሰዉ ሁሉ ድምፁን አጥፍቶ ገባ። ተቀመጡ። ሁሉም ሐጂን ያያል፤ ሐጂ ምንጣፉን ያያሉ።

«ብርዱ ዘንድሮ ጠና» አሉ ሐጂ።

እኔ ቀና አልኩ። አየሩ! ሰዎቼ፣ እነዚህ የወሎ ሰዎች፣ በአየሩ ጀመሩ። መምህሯ ያለችው ትዝ አለኝ፤ ሁለት ሰዎች አንድ ላይ መቆም እንዲችሉ። ይሄን እኮ እኔ ተምሬዋለሁ።

«በጣም ጠና ሐጂ» አልኩ። «ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት?»

«አልሐምዱሊላህ ልጄ፣ ይሻለዋል።» ከዚያ «መቼም ይሄ ዱንያ የሚባለው ነገር...» ብለው ጀመሩ።

«እትዬ ፋጡማ፣ ከአሌክሳንድሪያ ስትመጡ ድልድዩ ላይ ትራፊክ ነበር?» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«በዚህ ሰዓት ምን ትራፊክ አለ?» አሉ እትዬ። ዓይናቸው ፈጠጠ። እኔ ሰው ፊት ሁለት ጥያቄ አከታትዬ ጠይቄ አላውቅማ። ሐጂ እንደገና «የአላህ ውሳኔ ሲመጣ...» ሲሉ እኔ ስለ አዲሱ መንገድ ጠየቅኩ። ስለ መኪናቸው ጎማ ጠየቅኩ። ስለ ልጃቸው ምረቃ ጠየቅኩ። ሰው ሁሉ እየመለሰልኝ፣ እየተያየ። እትዬ ፋጡማ አጠገባቸው ላለችው ሴት «ዛሬ ደግሞ ምላሷን ማን ፈታው? ምን ጉድ ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው። ይበሉ። እኔ ባወራሁ ቁጥር እናቴ ተኝታለች። እንደዚያ ቀን አሳምሬ አውርቼ አላውቅም።

ከዚያ ሐጂን አየኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ስንቱን ቤት እንዲህ አንኳኩተዋል። ግንባራቸውን ላብ አቸፈቸፈው። አንድ ቃል ተሸክመው የሚያስቀምጡበት አጥተው ነው። አሳዘኑኝ። ሌላ ጥያቄ አዘጋጅቼ ነበር፤ ተውኩት። ዝም አልኩላቸው።

«ልጄ ዘሃራ» አሉ። «እናትሽ ወደ አኼራ ሄዳለች። አላህ ይዘንላት። ሰብር አድርጊ።»

እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ማልቀስ ይጠበቅብኛል ብዬ ሲያስጨንቀኝ ነበር ያደረው። አላስፈለገም። ለካ በእንግሊዝኛ የሰማሁት ግማሹን ብቻ ነው። ሐጂ ድምፅ አይሰማ፣ ዱዓ አድርጉ ይላሉ፤ ማን ይሰማቸዋል? ሕንፃው ተናወጠ። ፖሊስ ግን አልመጣም።

ረፋዱ ላይ ሚስ ዶሪስ የጋገሩትን የሙዝ ዳቦ ይዘው መጡ። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላቸው። ሰኢድ ለማስተርጎም አጠገቤ ቆመ። ሚስ ዶሪስ እጄን ያዙና «ሃኒ፣ ሐሙስ ዕለት ላውንደሪ ውስጥ እንዳልኩሽ...» ብለው ጀመሩ።

ሰኢድ ጆሮው ቆመ።

«ሚስ ዶሪስ፣ ትራፊክ ነበር?» አልኳቸው በእንግሊዝኛ።

ከአራተኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛ ነው የወረዱት። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች ጥግ ላይ ተያዩ፤ አንዷ አፏን ያዘች። ሚስ ዶሪስ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ሰኢድን አዩት። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ቀስ አድርገው ነቀነቁ። «የለም» አሉ። «ሊፍቱ ጭር ያለ ነበር።» ዳቦውን እጄ ላይ አስቀምጠው አጠገቤ ተቀመጡ።

«አዝናለሁ ነው የምትልሽ» ብሎ ሰኢድ አስተረጎመልኝ፤ እንዲገባኝ ቀስ አድርጎ።

ሴቶቹ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሐዘን ነው የሚያስቀባጥራት አሉ። ሚስ ዶሪስ ከሄዱ በኋላ እትዬ ፋጡማ ጠጋ ብለው ነጠላዬን አስተካከሉልኝ። በለቅሶ ዓይናቸው አብጧል። ከልባቸው ነው የሚወዱኝ፤ ያን ቀን አየሁት።

«እንግዲህ ልጄ» አሉኝ፣ «እንዲህ ቤት ዘግቶ መቀመጥ ይብቃሽ። ወጣ በይ። ከነዚህ አሜሪካኖች ጋር ሁለት ሦስት ቃል ተለዋወጪ። ምስኪን፣ እንግሊዝኛ ብትሰሚ ኖሮ ስንት የማታውቂውን ነገር ትሰሚ ነበር!»

«ቀስ በቀስ ትለምዳለች እትዬ» አለልኝ ሰኢድ።

«እሺ እትዬ» አልኩ። «ኢንሻአላህ፣ እሞክራለሁ።»